ዝርያን ከዝርያ መለየት

አርጃኖ ከእንሽላሊቶች ወገን የሚመደብ ትልቅ ተሳቢ እንስሳ ነው። በወንዞችና በሐይቆች ዳር የሚኖረው የዓባይ አርጃኖ ምላሱ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ጀርባውን የሚያቋርጡ ከ6 እስከ 9 የሚደርሱ የቢጫ ነጠብጣብ ረድፎች አሉት። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚኖረው «ጌጠኛ አርጃኖ» የተባለው ግን ምላሱ ነጣ ያለ፣ ረድፎቹም ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1942 ንዑስ ዝርያ፣ በ1997 ደግሞ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው መደቡት።

ይሁን እንጂ በ2016 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ይህን አመዳደብ ለወጠው። በጥናቱ መሠረት የመካከለኛው አፍሪካ የደን አርጃኖዎች ከዓባይ አርጃኖ የማይለዩ ሆነው ሲገኙ፣ የምዕራብ አፍሪካዎቹ ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተለዩ ሌላ ዝርያ መሆናቸው ታወቀ።

አርጃኖዎች ለቆዳቸውና ለሥጋቸው ይታደናሉ። በሌላው ስም ተሸፍኖ የቀረ ዝርያ ቁጥሩ ቢመናመን እንኳ የሚያስተውለው አይኖርም። ስለሆነም መልክ የምርመራ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

ጥያቄዎች

1. ሁለቱ አርጃኖዎች ቀድሞ በምን በምን ምልክቶች ይለዩ ነበር?
2. የምንባቡን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አብራሩ።