አንደበትን ማስጾም፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምእመን ደረጃ በደረጃ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጾም የሚሽር ትልቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የጉና ሥር ገበሬ 55 ቀን ሙሉ የላሙን ወተት አይቀምስም፤ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ። ያው ጿሚ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ስም ሲያጎድፍ ግን ጾም ሻረ የሚለው የለም።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው ጾመ ድጓ ጾምን በሆድ ብቻ አልተወውም፤ ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም እንዲጾሙ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ለዚህ አገር ሰው ከሩቅ የመጣ አይደለም። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም ያለችው በጋይንት ምድር ነው፤ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባም ሩቅ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በበኩሉ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ የእምነትን ብስለት የሚለካው በንግግር ነው፤ በቃሉ የማይሰናከል ሰው መላ ሰውነቱን መግዛት አያቅተውም ይላል። እኔም እንደዚሁ አምናለሁ፤ የምእመን ብስለት ከቅኔ ማኅሌቱ ይልቅ ቡናው፣ ጠላ ቤቱና ገበያው ላይ ይለያል። ታዲያ ከየት ይጀመራል?

1. የሚያዳልጥዎትን ለይተው ይወቁ

የሁሉም ሰው ድካም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሐሜት ይወዳል፣ ሌላው ሲቆጣ ይሳደባል፣ ሦስተኛው ያለ መሐላ ዋጋ መናገር አይችልም። አንድ ሳምንት ሲመሽ ቁጭ ብለው የዋሉበትን ያስታውሱ፦ ማንን አነሣሁ? የት? ከማን ጋር ሆኜ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአንድ ቦታና ከሁለት ሦስት ሰዎች አይርቅም። ይህን ሳይለዩ በደፈናው «ከእንግዲህ ክፉ አልናገርም» ማለት እስከ ማግስቱም አያደርስም።

2. አንዱን ብቻ ይያዙ፣ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ

ሁሉንም በአንዴ ልተው የሚል ሰው አንዱንም አይተውም። ከለዩዋቸው ውስጥ የባሰውን መርጠው በረቡዕና በዓርብ ይጀምሩ፤ ቀኑ አስቀድሞ የጾም ነውና ለማስታወስ አይቸግርም። የንስሐ አባትዎ ሲመጡ «አባቴ፣ ሐሜት አሸንፎኛል» ብለው በስሙ ይጥሩት። «ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ ጠቅልሎ ማለፍ ለቀኖናም አይመችም። ጊዜ እንደሚወስድም ከወዲሁ ይወቁት፤ ከግብጽ በረሃ አባቶች አንዱ የሆነው አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ ድረስ ሦስት ዓመት በአፉ ድንጋይ ይዞ እንደኖረ ይነገርለታል።

3. ጠዋት ጠባቂ ይለምኑ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 140ኛው መዝሙር ላይ ዳዊት እግዚአብሔር ለአፉ ጠባቂ እንዲያኖርለት ይለምናል። ዳዊትን በየዕለቱ ከፍለው ለሚደግሙ የቅዳሜ ድርሻ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ያንኑ ልመና ከቤት ሳይወጣ በራሱ ቃል ያድርስ።

4. ቡናው ላይ

ከአቦል እስከ በረካ ረጅም ጊዜ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ የሰው ስም ይነሣል። እዚህ ላይ ተቆጥቶ መነሣት ወይም ሴቶቹን መገሠጽ አይጠቅምም፤ ያኮርፋሉ እንጂ አይተዉም። የሚሻለው ረጋ ብሎ «እታለም፣ እሷም ትምጣና እፊቷ እንጨዋወተው» ማለት ነው። ለታላቅ ሰው ከሆነ «አያ፣ እሱ በሌለበት ባናነሣው» ይበቃል። ካልሆነ ስለ ታማው ሰው ደግ ነገር አንሥተው ወሬውን ያዙሩት፤ በሬ ሲሞትብዎ ያገዘዎትን፣ ለቅሶ የደረሰዎትን ያስታውሱ። ሐሜት መስማትም ማማት መሆኑን አይርሱ፤ ሰሚ ካጣ የሚያማ የለም። በማኅበር ቀንም ጽዋው ሲጠጣ ያው ነው። ሙሴው ተአምሩ ተነቦ ጸሎቱ እንዳለቀ «ዛሬ የሌለ ሰው አይነሣ» ብሎ ቢያሳስብ ማኅበርተኛው ደስ ብሎት የሚቀበለው ይመስለኛል።

ስለ አሽሙርም አንድ ነገር ልበል። ይህ አገር ቅኔና ጨዋታ ዐዋቂ ነው፤ ከተክሌ አቋቋም ጋር ስማቸው የሚነሣው የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ በጨዋታቸው ይታወሳሉ። ጨዋታ ማወቅ ኃጢአት አይደለም። የተነገረበት ሰው ራሱ እፊታችን ሆኖ ቢስቅበት ጨዋታ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ከሄደ ግን በሰም የተሸፈነ ስድብ ነው፣ ወርቅ የለውም።

5. ገበያ ላይ

ነፋስ መውጫም ይሁን አርብ ገበያ፣ ወገዳም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ የከብት ተራ ላይ የሚሰማው «መድኃኔዓለምን ከዚህ አልቀንስም!» ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ይቀንሳል። ስሙ የተጠራው በከንቱ ሆነ ማለት ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ መሐላውን ትተን አዎን ወይም አይደለም እንድንል አዝዟል። «የመጨረሻ ዋጋዬ ይኸው ነው» ይበሉና ዝም ይበሉ። ገዢው ቃልዎ የማይለወጥ መሆኑን ሁለት ሦስት ገበያ ካየ በኋላ ማሉልኝ አይልም።

6. ሲቆጡ

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በድንበር፣ በውኃ ወይም በከብት የተነሣ ጠብ ራሱ ሰው አይገድልም፤ የሚያጋድለው ጠላ ቤት የተወረወረች አንዲት ቃል ናት። «ወንድ ቢሆን ኖሮ» የምትል ንግግር፣ ያልተመለሰ ደም የምታስታውስ ፉከራ፣ ለቅሶ ላይ የምትወርድ ሙሾ ስንት ቤት አፍርሳለች። ያዕቆብ አንደበትን በፈረስ አፍ ካለ ልጓም ጋር ያነሣው ለዚህ ነው፤ የጋይንትን ቁልቁለት በበቅሎ የወረደ ሰው ልጓም የሚያዘው ገደሉ አፋፍ ላይ ከደረሱ በኋላ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ቁጣው ሲጀምር፦ ቆመው ከሆነ ይቀመጡ፣ መሣሪያ ካለ ያርቁ፣ የጠጡ ከሆነ መልስ አይስጡ። «ነገሩ ይደር» ይበሉና ይሂዱ። ይደር ማለት ፍርሃት አይደለም፤ ሽማግሌዎችም ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ያሳድሩታል። በማግስቱ ሁለት ሽማግሌና አንድ ካህን ይዘው ይነጋገሩ። ሌላ ሰው ሲሰደብ ከሰሙም ስድቡን ለተሰዳቢው አያድርሱ። ወሬ አመላላሽ ከተሳዳቢው ያላነሰ ዕዳ አለበት፤ ማን እንደላከው በማይታወቅ የስልክ ወሬም ቢሆን እንዲሁ ነው። ያላረጋገጡትን ለሌላ አይላኩ።

7. ቤት ውስጥ

በአደባባይ የሚከበር ሰው እቤቱ ገብቶ ልጁን «አፈር ብላ» ይላል። እናቶቻችን ለዚህ መልካም ልማድ አላቸው፤ ሲናደዱም «ልቦና ይስጥህ» ይላሉ። ይህንኑ ይልመዱት፤ ቁጣው ይወጣል፣ ልጁም በእርግማን ፋንታ ምርቃት ያገኛል።

8. ካመለጠዎት

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፣ እውነት ነው። ቢሆንም የሚጠገን አለ። ስሙን ያጠፉበትን ሰው ለብቻው ይቅርታ ጠይቆ ማለፍ አይበቃም፤ ቃሉን የሰሙት ሰዎች አሁንም አምነውት ይኖራሉ። ወደዚያው ቡና፣ ወደዚያው ማኅበር ተመልሰው «ያን ቀን ስለ እገሌ ያልሁት ሐሰት ነው» ይበሉ። ይህ ድንጋይ ተሸክሞ ከመታረቅ የሚከብድ ሊመስል ይችላል፤ ይህን አድርጎ ሐሜቱን የሚደግም ሰው ግን ብዙም አላየሁም። ከቁርባን በፊት ማድረግ ደግሞ ግዴታ ነው፤ በቅዳሴ የሰላምታው ጊዜ ሲደርስ ከጎን ከቆመው ጋር ተኳርፎ እጅ መንሣት እግዚአብሔርን መሸንገል ነው።

ዝምታ ኃጢአት የሚሆንበት ጊዜ

አንደበትን መግዛት ሁልጊዜ አፍን መዝጋት አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ብሂል ለሁሉም ነገር የሚጠቅስ ሰው አለ፤ እኔ አልስማማም። ያልደረሰች ልጅ ስትዳር፣ ጎረቤት ሚስቱን ሲደበድብ፣ የድሃ መሬት በሐሰት ምስክር ሲወሰድ ዝም ያለ ሰው አንደበቱን ገዛ አይባልም፤ ወንድሙን ከዳ እንጂ። እዚያ ላይ እውነቱን ያለ ስድብ፣ ባለቤቱ ፊት፣ ከሽማግሌና ከሕግ ዘንድ መናገር ነው የበሰለ እምነት። ሐሜተኛው ሰውየው በሌለበት ሲናገር ክርስቲያኑ በፊቱ ይናገራል።

የፊታችንን ረቡዕ አይለፉት፤ ከለዩት ድካም አንዱን ይዘው ይጀምሩ። በቃልዎ የተጎዳ ሰው ካለ ግን ረቡዕን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሽማግሌ ይላኩ።