አረርን የሚያቀናው ምንድን ነው? ሽክርክሪት፣ ፍጥነትና የቦንጋ አየር

እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ከካፋው ንጉሥ ከጋኪ ሸሮቾ ተዋጊዎች ጋር ሲፋለም፣ ከአንዱ ወገን በአብዛኛው ጦር ይወረወር፣ ከሌላው ወገን ጠመንጃ ይተኮስ ነበር። የጦርነቱን መንስኤና መዘዝ ለታሪክ ባለሙያዎች እንተወውና አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እናንሣ። ጦር ሳይሾር ጫፉን አስቀድሞ ይሄዳል፤ አረር ግን ካልሾረ ለምን ይገለበጣል?

የጦር ክብደት ያለው ከፊት፣ ከብረቱ ላይ ነው። አየሩ የሚገፋው ደግሞ በይበልጥ ከኋላ ያለውን ረጅም ዘንግ ነው። ስለዚህ ጦሩ ጥቂት ቢያዘነብል አየሩ ራሱ ያቀናዋል። ሹል አረር የዚህ ተቃራኒ ነው። ወፍራሙ ክፍል ከኋላ በመሆኑ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይቀርባል፤ የአየሩ ግፊት ግን ከዚያ ፊት፣ ወደ አፍንጫው ያርፋል። ጥቂት ያዘነበለ እንደሆነ አየሩ ይበልጥ ያጋድመዋል።

መፍትሔው በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። አረሩ ቦዩን ተከትሎ ሲወጣ እንደ እንዝርት ይሾራል። በፍጥነት የሚሾር አካል ሊገለብጠው የሚሞክር ኃይል ሲያርፍበት ወዲያው አይወድቅም፤ ዘንጉ ቀስ እያለ ክብ ይሠራል እንጂ። እንዝርት ሽክርክሪቷ ሲደክም እንዴት እንደምትንገዳገድ ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

በዚያ ዘመን በአገራችን በሰፊው የታወቀውን ውጅግራ እንውሰድ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። የአፈሙዙ ቦይ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በ55 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ሲሆን፣ አረሩ የሚወጣው በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። ፍጥነቱን ለአንድ ዙር ርዝመት ስናካፍል፦

450 ÷ 0.55 = 818 ዙር በሴኮንድ

ለበን የምንለው የ1886ቱ ጠመንጃ ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድ ይጠቀማል። ፍጥነቱ 630 ሜትር ገደማ፣ የአንድ ዙር ርዝመቱ 24 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ በሴኮንድ ከ2,600 ዙር በላይ ይሾራል።

ከዚህ ተነሥቶ «ፍጥነት ከተጨመረ ሽክርክሪቱም ስለሚጨምር አረሩ ይበልጥ ይቀናል» ማለት ይቀናን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ሽክርክሪቱም እጥፍ ይሆናል፤ መገልበጥን የመቋቋም አቅሙ ከሽክርክሪቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ አራት እጥፍ ይደርሳል። ዳሩ ግን የሚገለብጠው የአየር ግፊትም ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋልና እርሱም አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ሊጣፉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ዳኛው እንግዲህ የቦዩ ጥምዝ ነው። የውጅግራ አረር አጭርና ወፍራም ስለሆነ ላላ ያለ ጥምዝ ይበቃዋል። የለበን አረር ከውፍረቱ አንጻር ረጅም በመሆኑ ጠበቅ ያለ ጥምዝ ይሻል፤ በ55 ሳንቲ ሜትር ጥምዝ ቢወጣ የመቋቋም አቅሙ ከአንድ አምስተኛ በታች ይወርዳል። በተመሳሳይ ምክንያት ቦዩ ያለቀበትን አሮጌ አፈሙዝ ባሩድ በመጨመር ማዳን አይቻልም።

አየሩም ድርሻ አለው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ያንሳል። የሚገለብጠው ግፊት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ያው አረር በቦንጋ ይበልጥ ይቀናል። የካፋ ጫካ እርጥበት አየሩን ያከብደዋል ብለው የሚያስቡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የውኃ ሞለኪውል (18) ከናይትሮጅንም (28) ከኦክስጅንም (32) የቀለለ በመሆኑ እርጥብ አየር በእኩል ሙቀትና ግፊት ከደረቅ አየር ይቀላል።

በጉዞው ላይ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ ሲያጣ ሽክርክሪቱን የሚያጣው ግን በዝግታ ነው። በመሆኑም እየራቀ ሲሄድ የመገልበጥ ዝንባሌው ይቀንሳል፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ሲወርድ ግን ግፊቱ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚዛወር ሊንገዳገድ ይችላል።

ታዲያ የፍጥነት ጥቅሙ ምንድን ነው? የመሬት ስበት የሚሠራበትን ጊዜ ማሳጠሩ ነው። 300 ሜትር ለመጓዝ የውጅግራ አረር 0.8 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተተኮሰበት መስመር 3 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የለበን አረር ያንኑ ርቀት ከ0.6 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርስ የሚወርደው የዚህን ግማሽ ያህል ነው።