ገንዘባችሁን በእጥፍ እንመልሳለን ለሚሉን ምን እንመልስ?

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በንግድ ስም ስለሚፈጸም ማታለል ነው። ርእሱን የመረጥነው ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የባልንጀራም ጉዳይ በመሆኑ ነው።

የሸጎሌ ሰው ስለ ንግድ ጥንቃቄ ከማንም መማር አያስፈልገውም። የቁም ከብት ገበያው በደጁ ነው። በሬ ሊገዛ የወጣ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ጎኑን ይዳስሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ ዋጋው ከገበያው እጅግ ዝቅ ያለ እንደ ሆነም «የተሰረቀ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን አክስቱ ወይም የማኅበር ጓደኛው መጥታ «10 ሺህ ብር ብታስገባ በሁለት ወር 20 ሺህ ይሆንልሃል፤ እኔም ደርሶኛል» ስትለው ሳይመረምር ይሰጣል። ምክንያቱ አለማወቅ አይደለም። በሬን መመርመር ብልህነት ሲሆን አክስትን መመርመር ግን ነውር ሆኖ ስለሚታየው ነው። አታላዮች የሚገቡት በዚህች በር ነው።

ሚዛንና ባለሙያ ያለው ተቋም እንኳ ሊታለል ይችላል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በብዙ ሚሊዮን ብር ከገዛው ወርቅ ከፊሉ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቷል፤ ነገሩም መታወቅ የጀመረው ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነበር። እንግዲህ የተታለለውን ጎረቤታችንን «ሞኝ» ለማለት አንቸኩል።

ገንዘብን በእጥፍ የመመለስ ተስፋ አሠራሩ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ከኢጣሊያ የሄደ ስደተኛ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በ45 ቀን ውስጥ በመቶ 50 ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ከሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘብ ሰበሰበ። ትርፉ ከአገር አገር ከሚዘዋወር የፖስታ ኩፖን ንግድ የሚገኝ ነው ይል ነበር። በእርግጥ ግን ለፊተኞቹ የሚከፍለው የኋለኞቹን ገንዘብ ነበር። ካመኑት መካከል ብዙዎቹ እንደ እርሱ ከኢጣሊያ የመጡ የአገሩ ልጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ሌላው ዓይነት ደግሞ እያንዳንዱ አባል አዳዲስ አባላትን እንዲያመጣ ያስገድዳል። ሂሳቡን በወረቀት ብንሠራው ነገሩ ይገለጣል። አንድ ሰው አምስት ሰዎችን ቢያመጣ፣ አምስቱም እያንዳንዳቸው አምስት ቢያመጡ፣ በሁለተኛው ዙር 25፣ በሦስተኛው 125፣ በስድስተኛው 15,625 ይሆናሉ። በአሥረኛው ዙር 9,765,625 አዲስ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ መቆሙ አይቀርም፤ በቆመም ጊዜ ከሁሉ የሚበዙት በመጨረሻው ዙር የገቡት ናቸውና የሚከስረው ብዙው ሕዝብ ነው።

«ይህማ እንደ ዕቁብ ነው» የሚሉ ሰባኪዎች አሉ። ፈጽሞ አይደለም፤ ይህን አባባል ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የደረሰው 10 ሺህ ብር ይወስዳል፤ ዕቁቡ እስኪያልቅም ያው ሰው 10 ሺህ ብር ከፍሏል። ቀድሞ የወሰደና ኋላ የወሰደ የሚለዩት በተራ እንጂ በመጠን አይደለም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰውም ዋስ ይጠራል። ማንም የሌላውን ገንዘብ አይበላም፤ ከምንም የሚወለድ ትርፍም የለም።

ይህ ነገር አገርንም ያናጋል። በአልባንያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ ቤቱን፣ ገበሬውም ከብቱን እየሸጠ ገንዘቡን ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1997 ድርጅቶቹ ሲወድቁ በተነሣው ሁከት ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ መንግሥቱም ወደቀ።

በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አባላትን በማምጣት ብዛት ጥቅም የሚሰጠውን የፒራሚድ ስልት ከልክሏል። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳይኖረው ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብም ክልክል ነው። የንግድ ፈቃድ አለን ብለው በግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ወረቀት የሚያሳዩን ሰዎች ያጋጥሙናል፤ ነገር ግን ሸቀጥ ለመሸጥ የተሰጠ ፈቃድ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

በስልክ የሚመጣውን ማታለል በአጭሩ እንለፈው። ያልቆረጥነው ሎተሪ አይወጣልንም፤ የምስጢር ቁጥራችንንም ማንም ባንክ ደውሎ አይጠይቀንም። ከብት የሸጠ ሰው ግን አንድ ነገር ይያዝ፦ ገዢው በስልኩ የሚያሳየው የባንክ ደረሰኝ ሥዕል ገንዘብ አይደለምና በሬውን ከመልቀቁ በፊት የራሱን ሂሳብ ይመልከት። ቼክ የተቀበለም እንዲሁ ወደ ባንክ ሄዶ ስንቅ እንዳለው ያረጋግጥ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ገንዘቤ ይጠፋ ይሆን?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ትክክል ቢሆንም አይበቃም፤ ቀድመው የገቡ አንዳንዶች ገንዘባቸው ሳይጠፋ አትርፈው ይወጣሉና። መጠየቅ ያለበት «የሚከፈለኝ ገንዘብ የማን ነው?» የሚለው ነው። የተሸጠ ዕቃ ወይም የተሠራ ሥራ ከሌለ ትርፉ ከእኛ በኋላ የገባች የአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ዋና ገንዘብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማጭበርበርን በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር ያስቀምጣል፤ በስርቆት የተባበረና እያወቀ የተጠቀመም እንደ ድርሻው መመለስ እንዳለበት ያስተምራል። ሳያውቅ የገባ ሰው በደለኛ አይባልም፤ ካወቀ በኋላ ግን ገንዘቡን ለማስመለስ ሲል ሌላ ሰው መጋበዝ አይፈቀድለትም። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለመክሰር የተቃረበ ሰው ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚሰብክ እርሱ ነው።

ለመምህራን የምናሳስበው በዚህ ነው። የቁምስናው አዳራሽና ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ስብሰባ እንዳይውል ከቆሞሱ ጋር ይነጋገሩ። የአንድ መምህር ስም በዝርዝሩ ላይ ከታየ ምእመናን ድርጅቱን ሳይሆን መምህሩን አምነው ይገባሉ። የተታለለ ሰው ሲመጣ በቅድሚያ ሊደበቅ ይፈልጋል፤ ከባለቤቱም የደበቀ ይኖራል። አይገሥጹት፤ ጊዜ ሳያልፍ ደረሰኙን፣ የስልክ መልእክቱንና ገንዘቡ የገባበትን የሂሳብ ቁጥር ሰብስቦ ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄድ ያግዙት። የማታለል ወንጀል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ተደንግጓል። ብቻውን መሄድ ያፈረ እንደ ሆነ አብረውት ይሂዱ፤ በዚያው ስም የተታለሉ ሌሎች ካሉም አቤቱታቸውን በአንድነት ያቅርቡ።