ግማሹ መንገድ ላይ የሚያልቅ መድኃኒት

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የኑክሌር ሕክምና ምስል ምን እንደሆነና ወላይታ ላለ ጽኑ ሕመምተኛ ለማድረስ ምን እንደሚጠይቅ እናያለን።

1. ምንድን ነው?
ኤክስሬይ በዋናነት የአካልን ቅርጽ ያሳያል፤ የኑክሌር ሕክምና ግን የአካሉን ሥራ ያሳያል። ታማሚው በደም ሥሩ ጥቂት ጨረር አመንጪ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከሰውነቱ የሚወጣውን ጨረር ጋማ ካሜራ ተቀብሎ ወደ ምስል ይለውጠዋል። በብዛት የሚሠራበት ንጥረ ነገር ቴክኒሺየም-99ኤም ነው።

2. ለጽኑ ሕሙማን ምን ይጠቅማል?
የሳንባው ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል ተብሎ የተጠረጠረ፣ ኩላሊቱም የደከመ ታማሚ እንውሰድ። ለሲቲ ስካን የሚሰጠው ኮንትራስት ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። በኑክሌር ምርመራ ግን መድኃኒቱ ደም በሚደርስበት የሳንባ ክፍል ይቀራል፤ ደም ያልደረሰበት ቦታ በምስሉ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሆኖም በመተንፈሻ መሣሪያ ያለን ሰው ማንቀሳቀስ ራሱ አደጋ አለው። ስለዚህ እስከ አልጋው የሚገፉ ተንቀሳቃሽ ካሜራዎች ተሠርተዋል።

3. ስሌቱ
በአገራችን አገልግሎቱ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ ከሶዶ እስከዚያ ሩቅ ነው። ታዲያ መድኃኒቱን ወደዚህ ብናመጣውስ? የቴክኒሺየም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው። መንገዱ 6 ሰዓት ቢፈጅ ከተጫነው 100 እጅ የሚደርሰው 50 ብቻ ነው።

መፍትሔው ቴክኒሺየምን የሚወልደውን ሞሊብዲነም-99 ማጓጓዝ ነው። ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ስለሆነ በዚያው መንገድ የሚያጣው 6 በመቶ ያህል ነው። የያዘውን ዕቃ ባለሙያዎች «ላም» ይሉታል፤ በጨው ውሃ እየታጠበ በየቀኑ ቴክኒሺየም ይታለብበታልና። ነገር ግን ከሳምንት በኋላ የሚቀረው 17 በመቶ ያህል ስለሆነ ሌላ ላም ከውጭ አገር መምጣት አለበት።

4. መልመጃ
ላሟ ሰኞ ጠዋት ብትደርስ ሐሙስ ጠዋት ስንት ይቀራታል?
መልስ፦ 72 ሰዓት ለ66 ሲካፈል 1.09 ግማሽ ዕድሜ ነው፤ 47 በመቶ ያህል ይቀራል።

ማጠቃለያ
ካሜራ መግዛት ብቻውን አይበቃም። ላም የሌለው ካሜራ የተቆለፈ ክፍል ነው። የማይቋረጥ አቅርቦትና መብራት፣ በእርሳስ የተከለለ ክፍል፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና የጥገና መሐንዲስ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ መካከል የትኛውን ክፍተት እንደምንሞላ የትምህርት ዘርፍ ስንመርጥ እናስብበት።