እጅ ሲፍታታ ልብ ይሞላል

ብዙ ሠራተኛ አዲስ ነገር ለመማር መጀመሪያ በራስ መተማመኑ እንዲመጣለት ይጠብቃል። «ትንሽ ልዘጋጅ»፣ «በጀት ዓመቱ ይለፍና» ሲል ዓመታት ይነጉዳሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» የሚለው እምነቱ ከአራት ነገሮች እንደሚመነጭ ጽፏል፦ ራሱ ሠርቶ ካሳካው፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሠራ ከማየቱ፣ ከሌሎች ማበረታቻ፣ እንዲሁም በሥራው ሰዓት ከሚሰማው መረጋጋት ወይም ድንጋጤ። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። እኔም በዚህ ፍጹም እስማማለሁ። ማበረታቻ የሰማ ሰው ደስ ይለዋል፤ ሠርቶ ያየ ሰው ግን ማንም መልሶ ሊያስፈራራው አይችልም።

የሒሳብ ክፍልን እንውሰድ። ደመወዝ ለዓመታት በካልኩሌተር የሠሩ፣ ሒሳቡን አብጠርጥረው የሚያውቁ፣ ኤክሴል ሲከፈት ግን ወንበሩን ለወጣቱ የሚለቁ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ያሳዝነኛል፤ ከባዱን ነገር ያወቁት እነሱ ናቸውና። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ መልሱን አስቀድመው በሚያውቁት ሥራ ይጀምሩ። ተከፍሎ የተዘጋ የአንድ ወር ፔይሮል ያውጡና እንደ አዲስ በኤክሴል ይሥሩት። ስሞቹን ትተው በተራ ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ የሰው ደመወዝ ምስጢር ነው። ድምሩ ከተፈረመበት ሊስት ጋር ከገጠመ ትክክል ሠርተዋል፤ ካልገጠመም ስሕተቱን ያገኙት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ የማንም ደመወዝ አልተነካም።

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጥባት ቦታ አለች። ከሠራተኛው የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው። ይህን 7 በመቶ ከሠንጠረዡ ውጪ ዳር ላይ በአንድ ሳጥን ጻፉት እንበል። የመጀመሪያው ሠራተኛ ደመወዝ 12,000 ብር ቢሆን፣ ቀመሩ 840 ብር ያወጣል። ልክ ነው። ከዚያ ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትቱት ከሁለተኛው ሠራተኛ ጀምሮ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይደረደራል። ብዙዎች «እኔ ለኮምፒውተር አልተፈጠርኩም» ብለው የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው። የሆነው ግን ቀላል ነው፤ ቀመሩ ወደ ታች ሲወርድ 7 በመቶውን የሚፈልግበት ሳጥንም አብሮ ስለሚወርድ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። በቀመሩ ውስጥ ከዚያ ሳጥን ፊደል በፊትም ከቁጥሩ በፊትም የዶላር ምልክት ሲያደርጉ አድራሻው ይታሰራል፣ ዜሮዎቹም ይጠፋሉ። አሁን የአሠሪውን 11 በመቶ ማንንም ሳይጠይቁ ራስዎ ይሥሩት። 1,320 ብር ከወጣ ነገሩ ገብቶዎታል።

ደመወዝ በወር አንዴ ብቻ ስለሚሠራ፣ የወር ሥራውን ብቻ የሚጠብቅ ሰው የተማረውን ይረሳል። የመስከረሙን ሲጨርሱ የጥቅምቱን፣ ቀጥሎ የኅዳሩን ይሥሩ። ቅዳሜን ሙሉ ከመድከም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል። ነፃ ኮርስም አለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ፣ የዳታና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል። ሰርተፍኬቱ መልካም ነው፤ ሆኖም በራስዎ ፋይል ላይ ካልሞከሩት እጅዎ አይፍታታም።

ሲቸገሩ ይጠይቁ፤ አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። ቀልጣፋው ልጅ ማውሱን ተቀብሎ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ካደረገው ሥራው ያልቃል፣ እርስዎ ግን ምንም አልያዙም። «ማውሱን አትንካብኝ፤ አንተ በአፍህ ንገረኝ፣ እኔ ልጫነው» ይበሉት። ቢቻል ደግሞ በዕድሜም በልምድም ከእርስዎ ጋር የሚቀራረብ፣ ቅርብ ጊዜ የተማረ ባልደረባ ይፈልጉ። የቸገረውን ገና ስላልረሳው የሚያስረዳዎት ከዚያው ከተቸገሩበት ቦታ ተነሥቶ ነው።

የተዘጉት ወሮች ከገጠሙልዎ በኋላ፣ የያዝነውን ወር በለመዱት መንገድም በኤክሴልም ጎን ለጎን ይሥሩት። ሁለት ወር ያለ ልዩነት ከወጣ ሁለቱንም ይዘው አለቃዎ ዘንድ ይግቡና «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በኤክሴል እኔ ላዘጋጅ፤ ለጊዜው አንድ ሰው ያመሳክርልኝ» ብለው ይጠይቁ። በሊስቱ ግርጌ «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው» እና «ያጸደቀው» የሚሉት የፊርማ ቦታዎች ድሮም ለዚሁ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ አመሳካሪ መጠየቅዎን ማንም እንደ ድክመት አይቆጥርብዎትም።