ቸነፈር በዘመናችን፤ ሥጋቱ ምን ያህል ነው?

መግቢያ

በሕዝቡ አነጋገር ረሀብ፣ ጦርነትና ቸነፈር ተለያይተው አይጠሩም። ስለሆነም ድርቅ ባጠቃው አካባቢ፣ ወይም አዲስ ሠፋሪዎች በተሰበሰቡበት ጣቢያ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት ተነሥቶ ሁለት ሦስት ሰዎች በድንገት ቢሞቱ፣ «ቸነፈር ገባ» የሚለው ወሬ ከሐኪሙ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ የሚፈጅን ማንኛውንም ወረርሽኝ ለማመልከት ሲሠራበት ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ ግን ቸነፈር የሚባለው በሕክምና ሳይንስ ፔስት ወይም ፕሌግ ተብሎ የሚታወቀው አንድ የተለየ በሽታ ብቻ ነው።

ይህ በሽታ በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን እንደፈጀ ስለሚነገር፣ ብዙ ሰው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የቀረ ይመስለዋል። ነገር ግን አልቀረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ብቻ በዓለም ላይ 3,248 ሰዎች በዚሁ በሽታ መያዛቸውንና ከእነዚሁም ውስጥ 584ቱ መሞታቸውን የዓለም የጤና ድርጅት ዘግቧል። በብዛት የታየባቸውም አገሮች ማዳጋስካር፣ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክና ፔሩ ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሌላ በኩል ይህ ቁጥር ወባ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ በየዓመቱ ከሚፈጁት ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ እህል የሚያከማች፣ መጠለያ የሚያቋቁምና ብዙ ሕዝብ በአንድ ሥፍራ የሚያስተዳድር ኃላፊ ስለ ቸነፈር ምን ያህል ሊሠጋ ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

ሀ. የበሽታው ጠባይ

የቸነፈር መንሥኤ የርሲንያ ፔስቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህንንም ባክቴሪያ በ1894 በሆንግ ኮንግ ለይቶ ያገኘው አሌክሳንድር የርሲን የተባለው ሐኪም ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በካራቺ ከተማ ባደረገው ሙከራ በሽታውን ከአይጥ ወደ አይጥ የምታሸጋግረው ቁንጫ መሆኗን አስረዳ።

በሽታው በመሠረቱ የአይጥና የአይጥ ዘር የሆኑ የዱር እንስሳት በሽታ ነው። አይጧ በበሽታው ስትሞት በሰውነቷ ላይ የነበረችው ቁንጫ ሌላ ደም ፍለጋ ትወጣለች፤ አጠገቧ ያገኘችውንም ሰው ትነክሳለች። ስለዚህ ሰው ከመታመሙ በፊት ብዙውን ጊዜ አይጦች ይሞታሉ። ይህን ምልክት አስተውሎ የሚያመለክት የመጋዘን ጠባቂ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ አገልግሎት ይሰጣል።

በሽታው በሰው ላይ በሦስት መልክ ይታያል።

1ኛ. የንፍፊት ቸነፈር፦ ቁንጫዋ ከነከሰች ከአንድ እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ይጀምራል። በብሽሽት፣ በብብት ወይም በአንገት ላይም እጅግ የሚያም ንፍፊት ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም። ሕክምና ካላገኙት ሕሙማን ከመቶ ከ30 እስከ 60 የሚሆኑት ይሞታሉ።

2ኛ. የደም ቸነፈር፦ ባክቴሪያው በደም ውስጥ ሲሠራጭ የሚከሰት ሲሆን፣ ንፍፊት ሳይታይም ሊገድል ይችላል።

3ኛ. የሳንባ ቸነፈር፦ ባክቴሪያው ሳንባ ሲደርስ የሚከሰትና ከሁሉም የከፋው ነው። ሕመምተኛው በሚያስልበት ጊዜ በሚረጨው ፍንጣቂ አማካይነት አጠገቡ ወዳሉት ሰዎች ይተላለፋል። ምልክቱ በአንድ ቀን ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ቶሎ ካልታከመም የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ በሽታው መድኃኒት አለው። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይፈውሱታል፤ በጊዜው ከተሰጡም አብዛኛው ሕመምተኛ ይድናል። በየጤና ጣቢያው ለብዙ በሽታ የሚታዘዘው ፔኒሲሊን ግን ለቸነፈር አይጠቅምም። ስለሆነም በዛሬው ዘመን በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ጉዳይ ሆኗል። ለዚህም የማዳጋስካር ሁኔታ ዋና ምስክር ነው።

ለ. በማዳጋስካር የታየው መዘግየት

ቸነፈር ወደ ማዳጋስካር የገባው በ1898 በቶአማሲና ወደብ በኩል ነው። በ1921 ዋና ከተማው አንታናናሪቮ ደረሰ፤ ከዚያም በደጋው አገር ሥር ሰደደ። ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል ባለው ወራት በየዓመቱ 400 ያህል ሰዎች ይታመሙ ነበር፤ አብዛኞቹም በገጠር የሚኖሩና የንፍፊት ቸነፈር የያዛቸው ነበሩ። የጤና ሠራተኛውም ሕዝቡም ለዚህ የለመደ ነበር።

በ2017 የሆነው ግን ከተለመደው የተለየ ነው። በኦገስት ወር መጨረሻ በደጋው የአንካዞቤ ወረዳ የነበረ አንድ ሰው ወባ የመሰለ ትኩሳት ያዘው። በ27ኛው ቀን በሕዝብ ማመላለሻ ታክሲ ተሳፍሮ በአንታናናሪቮ በኩል ወደ ቶአማሲና ጉዞ ጀመረ። በመንገድ ላይ መተንፈስ ተስኖት ሞተ። አስከሬኑም በሽታው ሳይታወቅ ያለ ጥንቃቄ ተገነዘ። ከዚህ ሰው ጋር በልዩ ልዩ ሁኔታ ግንኙነት ከነበራቸው ሰዎች መካከል 31 ታመሙ፤ አራቱ ሞቱ። ወረርሽኙ መነሣቱ የታወቀው ግን በሴፕቴምበር 11 ቀን፣ በዋና ከተማው አንዲት ሴት በመተንፈሻ አካል ሕመም ከሞተች በኋላ ነው። በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት የሳንባ ቸነፈር በሁለቱ ትላልቅ ከተሞች ውስጥ ተሠራጭቶ ነበር።

ከኦገስት 1 እስከ ኖቬምበር 26 ባለው ጊዜ 2,417 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ 209 ሞቱ። ከሕሙማኑ ከመቶ 77 የሚሆኑት የሳንባ ቸነፈር ይዟቸዋል የተባሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሳንባ ቸነፈር ከተመዘገቡት መካከል በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከቀሩት መካከል ሌላ የሳል በሽታ የነበረባቸው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ወረርሽኝ በተወራበት ከተማ የሚያስል ሁሉ ይጠረጠራልና። የሞቱት መጠን ከመቶ 9 ሆኖ የታየበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ሕክምናው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በኦክቶበር ወር መጀመሪያ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአንቲባዮቲክ መድኃኒት መጠን ለአገሪቱ አቀረበ። ከሕሙማኑ ጋር የተገናኙ ከ7,000 በላይ ሰዎች በስም ተፈልገው የመከላከያ መድኃኒት እየወሰዱ ለሰባት ቀን ክትትል ተደረገላቸው። በኖቬምበር ወር መጨረሻ በከተሞቹ ውስጥ የነበረው ሥርጭት ተገታ። እንግዲህ ሁለት ሳምንት የወሰደ መዘግየት የሦስት ወር ወረርሽኝ አስከተለ፤ መድኃኒቱና ክትትሉ ሲደርስ ግን ወረርሽኙ ተሸነፈ።

ሐ. ሽብር በሱራት

ከመዘግየት በተቃራኒው የሚገኘው ጥፋት ሽብር ነው። በሴፕቴምበር 1994 በህንድ አገር በጉጅራት ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሱራት ከተማ የሳንባ ቸነፈር መነሣቱ ተሰማ። ሱራት በጨርቃ ጨርቅና በአልማዝ ማስዋብ ሥራ የተሰማሩ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገሮች የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ወሬው እንደተሠራጨ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በባቡርና በአውቶቡስ ከተማዋን ለቆ ሸሸ። ከግል ሐኪሞች መካከል ሳይቀር ክሊኒካቸውን ዘግተው የሄዱ ነበሩ። የመድኃኒት መደብሮች ባዶ ሆኑ። አንዳንድ የውጭ አገሮችም ወደ ህንድ የሚደረገውን በረራ አቋረጡ፤ ከህንድ የሚላከውንም ዕቃ ከለከሉ።

በመጨረሻ ሲቆጠር በወረርሽኙ የሞተው ሰው ከ60 አይበልጥም ነበር። በአገሪቱ ንግድና ቱሪዝም ላይ የደረሰው ኪሣራ ግን እስከ 2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። ከዚህም በላይ የሚሸሸው ሕዝብ በሽታውን ይዞ በየመንደሩ ሊበትነው ይችል ነበር። ሳይሆን የቀረው መድኃኒት በስፋት በመሠራጨቱና ወረርሽኙ በራሱም ብዙ ባለመስፋፋቱ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሁኔታ በ2005 መጀመሪያ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክ በዞቢያ ታይቷል። በዚያ እንደገና የተከፈተ የአልማዝ ማዕድን በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ስቦ ነበር። የሳንባ ቸነፈር ተነሥቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አብዛኛው ሠራተኛ ወደ ጫካ ተበተነ። ሐኪሞች ሲደርሱ ሊከታተሉት የሚገባውን ሰው በቦታው አላገኙትም። ሰው በችኮላ የተሰበሰበበትና የጤና አገልግሎት ያልተደራጀበት ሥፍራ ሁሉ ለእንዲህ ዓይነቱ መበተን የተጋለጠ ነው። የሠፈራና የመጠለያ ጣቢያዎች ኃላፊዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

መ. የተከማቸ እህልና አይጥ

ከሱራት ወረርሽኝ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1994፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር በቢድ አውራጃ የንፍፊት ቸነፈር ታይቶ ነበር። በዚያው ክፍለ ሀገር በላቱር አካባቢ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1993 የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ገድሎ፣ የተረፈው ሕዝብ የፈራረሱ ቤቶቹን ከነእህላቸው ጥሎ ወጥቶ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት በየፍርስራሹ የቀረውና ያለ ጥንቃቄ የተከማቸው እህል አይጥን አብዝቷል፤ በዱር አይጥና በቤት አይጥ መካከልም ግንኙነት ፈጥሯል።

ለእርዳታ ሠራተኛው ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ትምህርት የለም። የተራበን ሕዝብ ለማዳን የመጣ እህል አያያዙ ካልታወቀበት አይጥ ይቀልባል፤ አይጥም ቁንጫን ይዞ ወደ ተረጂው መኝታ ይገባል።

ሠ. በየጣቢያው መደረግ የሚገባው

1. የእህል ጆንያ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይደርደር። የፈሰሰ እህል በየቀኑ ይጠረግ። ከበር ሥር ያለው ክፍተት በቆርቆሮ ይደፈን። መጋዘንና የሰው መኝታ በአንድ ጣሪያ ሥር አይሁኑ።

2. ያለ ምክንያት የሞቱ አይጦች ሲታዩ በባዶ እጅ አይነኩ፤ በዚያው ዕለት ለጤና ጣቢያ ይነገር።

3. ቸነፈር በተጠረጠረበት ቦታ በመጀመሪያ ቁንጫው በጸረ ተባይ ዱቄት ይጥፋ፤ አይጥ መግደል ከዚያ በኋላ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከሞተው አይጥ ላይ የወረደው ቁንጫ ሁሉ ወደ ሰው ይዞራል። በቅን ልቦና የሚሠራ ትልቅ ስሕተት ይህ ነው።

4. ትኩሳትና የሚያም ንፍፊት፣ ወይም ትኩሳትና ደም የቀላቀለ አክታ ያለበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይላክ። የምርመራ ናሙና መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፤ ነገር ግን ውጤት እስኪመጣ ሕክምናው አይዘግይ።

5. የሚያስለው ሕመምተኛ ለብቻው ይቀመጥ፤ እርሱም አስታማሚውም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። አጠገቡ የነበሩት በስም ይመዝገቡ፤ በሐኪም ትእዛዝ የመከላከያ መድኃኒት ይውሰዱ፤ ለሰባት ቀን ትኩሳታቸው ይለካ።

6. የሟች አስከሬን ግንዛት በጤና ሠራተኛ ምክር፣ የቤተሰቡን ሃይማኖትና ክብር ጠብቆ ይፈጸም።

7. ለሕዝቡ እውነቱ ሳይውል ሳያድር በሽማግሌዎች፣ በካህናትና በሼሆች አማካይነት ይነገር። ሕዝብ የሚሸሸው የተደበቀ ነገር መኖሩን ሲጠረጥር ነው። በሽታው እንደሚድንና መድኃኒቱ በጣቢያው እንደሚገኝ የተረዳ ሰው ግን ከመድኃኒቱ ርቆ ለመሄድ ምክንያት የለውም።

ማጠቃለያ

በ2017 የዓለም የጤና ድርጅት ከማዳጋስካር ጋር የንግድና የጉዞ ግንኙነት ያላቸው ዘጠኝ አገሮችና ግዛቶች እንዲዘጋጁ ሲያሳስብ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አንዷ ነበረች። ድርጅቱ ዝግጅትን እንጂ ጉዞንና ንግድን ማገድን አልመከረም። ወረርሽኙም ከማዳጋስካር ሳይወጣ አበቃ።

ሥጋትን በልኩ ለመመዘን ያለፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በየመጠለያው ከረሀቡ ጋር ሕዝቡን የፈጁት ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ናቸው፤ ቅማል የሚያሸጋግራቸው ተስቦና እያገረሸ የሚመላለሰው ትኩሳትም ታይተዋል። ስለዚህ የጣቢያ ኃላፊ የመጀመሪያ ጥረቱን ለንጹሕ ውሃ፣ ለመጸዳጃ፣ ለኩፍኝ ክትባትና ለሰውነት ንጽሕና ማዋል አለበት። ቸነፈርን በመፍራት እነዚህን ቸል ማለት ከቸነፈሩ የበለጠ ሰው ያስጨርሳል።

በአንጻሩም ቸነፈር ከዱር አይጦች መካከል ፈጽሞ ሊጠፋ የማይችል በሽታ ስለሆነ «ዘመኑ አልፏል» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ሊያስፈራ የሚገባው የበሽታው ስም አይደለም፤ ሳይጠረግ የሚያድር የእህል መጋዘን፣ ሳይነገር የሚውል የአይጥ ሞትና «ወባ ነው» ተብሎ ሳይመረመር በመኪና የሚሳፈር ሕመምተኛ ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚጠብቅ ኃላፊ ስለ ቸነፈር ሊሠጋ የሚገባውን ያህል ሠግቷል ማለት ይቻላል።