የኖራን ፎርሙላ ስለ መቍጠር

ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ፥ መሬቱ ኮምጣጣ ሆኖ ገብስና ስንዴ በሚቀጭጭበት ስፍራ፥ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን ኖራ ሁሉ አንድ አይደለም፤ መጠኑም የሚታወቀው ደቂቅ ቅንጣቶቹን፥ ይኸውም አቶሞቹን በመቍጠር ነው።

የኖራ ድንጋይ 1 ካልሲየም፥ 1 ካርቦንና 3 ኦክሲጅን፥ በድምሩ 5 አቶም ነው። በእሳት የተቃጠለው ኖራ 1 ካልሲየምና 1 ኦክሲጅን፥ በድምሩ 2 ነው። ውሃ የጠጣው ኖራ ሲጻፍ ግን ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን በቅንፍ ይገባሉ፤ ከቅንፉ ውጭ በግርጌ 2 ይጻፋል። ይህ 2 በቅንፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያበዛል፤ ስለዚህ 1 ካልሲየም፥ 2 ኦክሲጅንና 2 ሃይድሮጅን፥ በድምሩ 5 ይሆናል።

የአቶም ክብደት ለካልሲየም 40፥ ለካርቦን 12፥ ለኦክሲጅን 16፥ ለሃይድሮጅን 1 ነውና፥ ድንጋዩ 100፥ የተቃጠለው 56፥ ውሃ የጠጣው 74 ይመዝናል። እንግዲህ ሦስቱም ንጹሕ የሆኑ እንደ ሆነ፥ የ100 ኪሎ ድንጋይን ሥራ 56 ኪሎ የተቃጠለ ወይም 74 ኪሎ ውሃ የጠጣ ኖራ ይሠራዋል።

የቅንፉን 2 ለሃይድሮጅን ብቻ የሰጠ ጸሐፊ ግን በ74 ፈንታ 58 ይላል፤ ከገበሬውም 16 ኪሎ ያጐድልበታል። ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ በመዝገብ የተሳሳተ ቍጥር በእርሻ ላይ ጕድለት ይሆናልና፥ ኖራ ከመታደሉ አስቀድሞ ዓይነቱን እንድትጠይቁ፥ አቶሙንም እንድታስቈጥሩ በትሕትና እናሳስባለን።